ልጄ ጎንደር ላይ ሌላ እናት አላት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣ ዕለት እኛ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ልትማር ነው?» አይደለም። «እዚያ ማን አለን?» ነው። ጅማ ለደረሰው የጅማ ዘመድ፣ ሐሮማያ ለደረሳት የሐረር ዘመድ ይፈለጋል። የአጎት ሚስት ወንድም፣ ድሮ አብሮ የዘመተ ወታደር፣ አንዴ ሠርግ ላይ ስልኩን የሰጠ የአውቶቡስ ሹፌር ሳይቀር ይነሣል። ጎረቤቱ፣ እድርተኛው ሁሉ ያፈላልጋል። ጨርሶ ሰው ከታጣ ሻንጣው ውስጥ የሚገባው በሶ በእጥፍ ይጨምራል።

ልጅ ልኮ ለማያውቅ ሰው ይሄ ሁሉ ትርፍ ጭንቀት ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲው ዶርም አለው፣ ካፌ አለው፣ ክሊኒክ አለው፤ ዘመድ ለምን ያስፈልጋል? ወላጅ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ብትታመም ማን ይጠይቃታል? በዓል ሲሆን የት ትውላለች? አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ቤት ሮጣ ትገባለች?

በ2012 ዓ.ም. ትልቋ ልጄ ጎንደር ደረሳት። የእኔ ወገኖች ጎጃም፣ የአባቷ ደግሞ ሰላሌ ናቸው፤ ጎንደር ላይ ማንም አልነበረንም። ዓመቱ ደግሞ መቼም ወላጅ የሚረሳው አይደለም። በጥቅምት መጨረሻ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ችግሩ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛመተ። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ወሬ ደግሞ ለወራት እንቅልፍ ነሣን። በዚያ ሰሞን ላምበረት መናኸሪያ በኩል ሳልፍ፣ ከሰሜን ከመጣ አውቶቡስ ላይ ፍራሽና ሻንጣ ይዘው የሚወርዱ ልጆች አይቻለሁ። ወላጆቻቸው ከመውጫው ላይ ቆመው ይቆጥሯቸዋል፤ ሻንጣውን ሳይሆን ልጆቹን።

መንግሥት በበኩሉ የሚያውቀውን አደረገ። ተማሪዎች ወደ ግቢ ከመግባታቸው በፊት ሰላም እንዲጠብቁ፣ ደንብ እንዲያከብሩ ውል አስፈረመ። እኛም ፈርመናል። ወረቀቱ ልጁ ምን ማድረግ እንደሌለበት ይዘረዝራል። ደንብ ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ግን የ19 ዓመት ልጅ ውል ስለፈረመ ብቻ እንግዳ ከተማ ውስጥ ቤተኛ አይሆንም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ያመጣው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነበር። የቃል ኪዳን ቤተሰብ ይባላል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣን ተማሪ ከአንድ የጎንደር ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ማገናኘት። ቤተሰቡ ልጁን እንደ ልጁ ሊያይ ቃል ይገባል፤ ልጁም ቤተሰቡን እንደ ወላጅ ሊያይ። ዩኒቨርሲቲው በፕሬዚዳንቱ በዶክተር አሥራት አጸደወይን ጊዜ የጀመረው ይህ ሥራ ኋላ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተወስዷል።

ከጎንደር መጀመሩ አይገርመኝም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ሥራው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አይመረቅም፤ ሰው ቤት ገብቶ ጉድጓዱን፣ ምንጩን፣ ሕፃኑን ያያል። ከተማው ተማሪ ቤቱ ሲገባ ማየት የለመደው ያኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ሌላ ባነር ይሆናል፣ ሌላ የቲሸርት ቀን ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ ማታ የማላውቀው ስልክ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ። የልጅዎ የጎንደር እናት ነኝ። ሥጋ ትበላለች ወይ? ብጠይቃት እፍረት ያዛት፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ልጄ የበግ ሥጋ አይሆንላትም። ይህን ከእኔ በቀር ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች ወይ፣ ሳል ሲይዛት ምን ትወስዳለች፣ እሑድ እሑድ ልብሷን እዚህ መጥታ ብታጥብ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ምን ተባለ ቢለኝ «ዘመድ አገኘን» አልኩት።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ለእንግዶች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወደ 10 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ወሬውን የሰማሁት ታቦት ሸኝቼ ቤቴ ስገባ ነው። የልጄ ስልክ አይሠራም። መረቡ ተጨናንቆ ኖሯል። ወደ ጎንደሯ እናት ደወልኩ፤ በሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ከእኔ ጋር ናት፣ ድንች እየላጠች ነው» አለችኝ። ብዙ ወላጅ ያን ዕለት እስከ ማታ የዩኒቨርሲቲውን ስልክ ሲደውል ውሏል። ለሺህ ልጆች አንድ ስልክ ምን ያደርጋል?

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተዘጉ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ተላኩ። የቃል ኪዳን ቤተሰብ ማለት ያኔ ገና የወራት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ነበር። እዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ልጄ ሳትኖር ከእኔ ጋር ታወራለች። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ። ልጄ ከተመረቀች በኋላም አልተውንም።

እንዲህ ያለ ሥራ ችግር የለውም አልልም። መዝገብ ላይ ስም ማጣመር ቀላል ነው፤ ስልክ ተለዋውጦ መቅረትም እንደዚያው ቀላል ነው። የቤተሰቡ ኑሮ ጠባብ ከሆነ ተማሪው መሄድ ያፍራል፤ ሰው ቤት ሄዶ መብላት የሚከብደው ልጅ ብዙ ነው። የሃይማኖት ነገርም አለ። ሙስሊም ተማሪ ክርስቲያን ቤት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ቤት ሲገባ የሥጋው ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም። የውጭ ሰው ይህን እንደ ትልቅ ግድግዳ ያየዋል። አገሩን የሚያውቅ ግን መፍትሔው ድሮ እንደነበረ ያውቃል፤ በወሎ ሠርግ ሁለት ድንኳን ሁለት ድስት ተለይቶ የሚቀርበው ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ ነው። ለእንግዳው የራሱ ሰው ያረደውን ማቅረብ ይቻላል። ካልተቻለም ሽሮ አለ። ሽሮ የማንም ነው።

እኔ ራሴ በ1986 ዓ.ም. ከደጀን ወደ 6 ኪሎ ስመጣ አዲስ አበባ ላይ ቃል ኪዳን የገባልኝ አልነበረም። ይዞኝ የቆየው ዶርሙ ነው። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ከመቐለ፣ ከነቀምት፣ ከሶዶ፣ ከአሰላ የመጣን። የስንቅ ሣጥኑ የጋራ ነበር። የአሰላዋ ጭኮ ስታመጣ የእኔን ዳቦ ቆሎ ዞር ብሎ የሚያየው አይገኝም። ማታ ማታ በድብቅ ቡና እናፈላለን። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተራችን፣ ደግሞ ጠረኑን ከደረጃው ላይ ትለያለች። ቀን ላይ ምድጃችንን ትወርሳለች፤ ማታ ትመልስና ሦስተኛውን ሲኒ አብራን ትጠጣለች። «ነገ እወስደዋለሁ» ትለናለች። በነጋታውም ትወስደዋለች። የእኛን ስም፣ የእናቶቻችንን ስም፣ የማን ጓደኛ ማንን እንዳስቀየማት ሳይቀር ታውቅ ነበር። ዛሬ ስለ ተማሪ አገልግሎት በየአዳራሹ የሚነገረውን ስሰማ እሷ ትመጣብኛለች። ዲን፣ ዳይሬክተር፣ ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባለው ሁሉ ተማሪው የሚያገኘው ፈርሞ ሲገባና ፈርሞ ሲወጣ ነው። በየቀኑ የሚያገኘው ፕሮክተሩን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ልጆች ቤተኛ እንዲሆኑ የሚፈልግ አለቃ ገንዘቡንና ሥልጠናውን መጀመር ያለበት ከፕሮክተሮች ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዶርሙ ቀጥሎ የያዘን የሃይማኖት ማኅበሩ ነው። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ በተላኩ ጊዜ እዚያ አብረው የጸለዩት ልጆች ናቸው ኋላ ለማኅበረ ቅዱሳን መሠረት የሆኑት። የማኅበሩ የግቢ ጉባኤ ለእኔ ዓይነቱ የገጠር ከተማ ልጅ ብዙ ነገር ነበር። ቅዳሜ እንጦጦ ማርያም ወይም ኪዳነ ምሕረት እንወጣለን፤ ስንመለስ ሽሮ ሜዳ ላይ እግራችንን እየጎተትን እንወርዳለን። ሙስሊሞቹ ጀመዓቸው፣ ፕሮቴስታንቶቹም ኅብረታቸው ነበራቸው። እነዚህ ማኅበራት ባይኖሩ ስንቱ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሻንጣውን ሸክፎ ይመለስ እንደነበር ግቢ የኖረ ያውቀዋል።

ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። የሚሰጡህ የራስህን ሰው ነው። አብሮህ የሚጸልየውን፣ ቋንቋህን የሚናገረውን፣ ያገርህን ልጅ። ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም ወደየራሱ ሰው ይሰበሰባል፤ በ2012 በየግቢው ያየነውም ይህንኑ ነው። የጎንደሩ ሐሳብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለሰላሌና ለጎጃም ልጅ የማታውቀውን ቤት ሰጣት። አሁን ጎንደር ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ ሲባል እኔ የምሰማው የሩቅ ከተማ ወሬ ሆኖ አይደለም።

እንግዳን ከማያውቀው ሰው ጋር ማኖር ለአገራችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ አገሮች በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጠች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ የመጡት ልጆች አዲስ አበባ ገብተው ከእኛ ተማሪዎች ጋር አብረው ኖሩ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ እዚሁ ነው የተማሩት። እንግዶቹ ስለ ነጻነት፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ተቃውሞ በግልጽ ያወሩ ስለነበር የእኛን ልጆች አፍ እንዳስፈቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፣ አብዛኛው ያስተምራል። ደጀን ላይ እናቴ ቤት ተከራይቶ የኖረ አንድ እንዲህ ያለ መምህር ነበር፤ እናቴ እስክትሞት «ልጄ» እያለች ታነሣው ነበር።

ፈረንጆቹም ነገሩን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት አለ። በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሲኒየሮችን ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ። ታሪኮቹ የሚሉት «እኔም ስመጣ እዚህ የማልገባ መስሎኝ ነበር፤ እያደር ለመድኩ» ነው። ጠቅላላ ሥራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የጥቁር ተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበረው ልዩነትም በግማሽ ቀነሰ። ብርሃን ተገለጠልን ብለው ቢጽፉትም ለእኛ አገር ሲኒየር አዲስ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የእኛ ሲኒየር ይህን የሚነግረው ላገሩ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ ይህን «እያደር ለመድኩ» የሚል ቃል ከማንም በላይ የሚፈልግ ተማሪ መጥቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ያኔ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ መካከል የተሻለ ላመጡት ሪሜዲያል የሚባል ማካካሻ ተከፈተላቸው። የሪሜዲያል ልጅ ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፤ ግን ተማሪ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ካላለፈ ይሸኛል። ሻንጣውን እስከ መጨረሻው የማይፈታ ልጅ አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ነገር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የካ ውስጥ፣ ከመገናኛ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። ከመምህራን ኮሌጅነት ወደ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ወደ አሁኑ ስሙ ሲሸጋገር የአገሪቱን መምህራን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው። 6 ኪሎም ሩቅ አይደለም። ከተማ ግቢ ውስጥ የሚማር የክፍለ ሀገር ልጅ ብቸኝነቱ የባሰ ነው። ጎንደር ላይ ሁሉም እንግዳ ነው። እዚህ ግን ዓርብ ከሰዓት የአዲስ አበባዎቹ ቦርሳቸውን አንግበው ታክሲ ይሳፈራሉ፣ እናታቸው ቤት ያድራሉ፣ ሰኞ ልብሳቸው ታጥቦ ይመለሳሉ። ዶርም የሚቀረው ያው ሩቅ አገር ያለው ነው። ከአጥሩ ማዶ ካለው ሰፈር የሚያውቀው ፎቶ ኮፒ ቤቱንና ምግብ ቤቱን ብቻ ነው።

ልጄ ከጎንደር ከተመለሰች በኋላ እኔና የቡና ማኅበሬ ሴቶች ነገሩን አነሣነው። ደብዳቤ አልጻፍንም፣ ኮሚቴም አላቋቋምንም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤታችን ደንበኞቿን «ለፋሲካ የት ትውላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ዶርም ነን ያሉትን ለየቤታችን ተከፋፈልን። እኔ ቤት የቦንጋ ልጅ፣ የሮቤ ልጅና የቆቦ ልጅ መጡ። የሮቤው ሙስሊም ነው፤ ለእሱ እንቁላልና አይብ ለብቻ አዘጋጀሁ፣ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ያመሰገነው ድንቹን ነው። የቦንጋዋ ልጅ ቡና ስቆላ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ከፋ የቡና አገር መሆኑን ረስቼዋለሁ። ትንሽ ታገሠችና «ማዘር፣ ቡናው እያረረ ነው» ብላ መቁያውን ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ ቡናው የሷ ሥራ ነው።

በማግሥቱ ወደ ዋሻ ሚካኤል ይዣቸው ወጣሁ። የካ ተራራ ላይ ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው ከድሮ ጀምሮ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሰፈሩ ሰው ራሱ በቅጡ አያውቀውም። በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ ስንሄድ የቦንጋዋ ቆም አለችና «ይኼንን ነው ጫካ የምትሉት?» አለች። እውነቷን ነው፤ ከሥሩ ሣር እንኳ የለም። የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገባችን ወረዱ። የቆቦው ልጅ ሳይጠየቅ ያንዷን ጭነት ተቀብሎ እስከ አስፋልቱ አደረሰላት። ሸክሙን ሲያወርድ ትከሻው ተልጦ ነበር። ያን ቀን የሰፈሬን ሴቶች ኑሮ ከእኔ ይልቅ እሱ አወቀው።

የምጠይቃችሁ ነገር ትልቅ አይደለም። የካ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ለሚቀጥለው በዓል አንድ ተማሪ ጥሩ። መንገዱ ከጠፋችሁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ወይም እንደ እኛ የሰፈራችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት። አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጥሩ፤ ብቻውን የመጣ ልጅ ያፍራል። የምትበላው ምንድን ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብሔሩን አትጠይቁ፤ ሲፈልግ ይነግራችኋል። የእናቱን ስልክ ግን ተቀበሉና በዚያው ማታ ደውሉላት።